ሕመሙን በወረቀት እንዲያስረዳ የተጠየቀ ወታደር

ከጦር ሜዳ የሚመለስ ወታደር ሁለት ዓይነት ቁስል ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ዐይን የሚያየው ነው። እጁን ወይም እግሩን በጥይት ያጣውን ሰው ያየ ሁሉ ምን እንደ ደረሰበት ሳይጠይቅ ያውቃል፤ ልጆች መንገድ ይለቁለታል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ጸሐፊም ዶሴውን ሲከፍት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ቁስል ግን ከቆዳ በታች የተሸሸገ ነው። ወታደሩ ሙሉ አካሉን ይዞ ይመለሳል፤ ቤተ ዘመዱም እልል ብሎ ይቀበለዋል። ከጥቂት ወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሌሊት ሳል ያስጨንቀዋል፤ ቀን ድካም ይጥለዋል። ሐኪም ቤት ሲሄድ «ምንም አልተገኘብህም» ይባላል። አበል ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሲሄድ ደግሞ «ሕመምህ ከዘመቻው የመጣ ለመሆኑ ማስረጃ አምጣ» ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፥ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ቁስል በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ስንቱን ወታደር ደጅ እንዳስጠናና መንግሥቱም ከዚህ ነገር ቀስ በቀስ ምን እንደ ተማረ ነው። ደጅ መጥናት ማለት ጉዳይ እስኪፈጸም ድረስ በሹም ደጃፍ እየተመላለሱ መጠበቅ መሆኑን ቋንቋውን በመማር ላይ ያሉት አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። የአሜሪካንን ነገር የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች አገር ሀብታም ናት፤ ለቀድሞ ወታደሮቿ ጉዳይ በ1930 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አቋቁማለች፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ወደ ሚኒስቴርነት ደረጃ ከፍ አድርጋዋለች። ገንዘብና ሐኪም ባልጠፋበት አገር በሽተኛ ወታደር የሚጉላላ ከሆነ፥ ችግሩ ከገንዘብ ሌላ መሆኑ በግልጥ ይታያል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻምበል ቶሬስና የባላድ ጭስ

ሻምበል ለሮይ ቶሬስ የቴክሳስ ሰው ናቸው። በ1989 ዓ.ም. በተጠባባቂ ጦር ውስጥ ገብተው፥ በሰላሙ ጊዜ ደግሞ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት ፖሊስ ሆነው ያገለግሉ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ለዘመቻ ተጠርተው ወደ ዒራቅ ሄዱና ከባግዳድ በስተሰሜን በሚገኘው በባላድ የጦር ሰፈር ተመደቡ። በዚያ ሰፈር ብዙ ሺህ ሰው ይኖር ስለ ነበረ የሚጣለው ጥራጊ እጅግ ብዙ ነበር። ሰፈሩም ጥራጊውን የሚያስወግደው በሰፊ ጉድጓድ ውስጥ እያቃጠለ ነበር። ላስቲክ፥ ጎማ፥ ቀለም፥ ባትሪ፥ የሐኪም ቤት ጥራጊና የተሰበረ የጦር ዕቃ ሳይቀር የአውሮፕላን ነዳጅ እየተርከፈከፈበት ቀንና ሌሊት ይነድ ነበር። ሥራው በበዛበት ጊዜ በባላድ በቀን ከ100 ቶን በላይ ጥራጊ ይቃጠል እንደ ነበረ ተመዝግቧል። ጥቁሩ ጭስ ወታደሩ በሚተኛበትና በሚበላበት ቦታ ላይ ያንዣብብ ነበር።

ሻምበል ቶሬስ ጥይት ሳያገኛቸው በክብር ተሰናብተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ነገር ግን እንደ ቀድሞው መሮጥ ቀርቶ እንደ ልብ መተንፈስ አልቻሉም። ከብዙ ምርመራ በኋላ፥ በቴኔሲ ክፍለ ግዛት በናሽቪል ከተማ በሚገኘው በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቤት ከሳንባቸው ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ሲታይ፥ ቀጫጭኖቹ የአየር ቧንቧዎች ጠባሳ አውጥተው መጥበባቸው ተረጋገጠ። ይህም ጉዳት ወደ ቀድሞው ጤና የሚመለስ አይደለም።

በዚህ ሐኪም ቤት የሚሠሩት ዶክተር ሮበርት ሚለርና ባልደረቦቻቸው በ2011 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። በኬንታኪ ክፍለ ግዛት ከሚገኘው ከፎርት ካምቤል የጦር ሰፈር ትንፋሽ ያጠራቸው 80 ወታደሮች ወደ እነርሱ ተልከው ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ2003 ዓ.ም. በዒራቅ በሞሱል አጠገብ የድኝ ፋብሪካ በተቃጠለ ጊዜ ጭሱን የተነፈሱ ነበሩ። ሐኪሞቹ ከ49ኙ ሳንባ ሥጋ ወስደው ቢመረምሩ 38ቱ ሻምበል ቶሬስን የያዛቸው ዓይነት ሕመም ተገኘባቸው። የሚያስደንቀው ግን ከሞላ ጎደል የሁሉም ራጅ ጤናማ መስሎ የታየ መሆኑ ነው። እንግዲህ ራጁን ብቻ ያየ ሐኪም «ደኅና ነህ» ብሎ ቢያሰናብታቸው ውሸት ተናገረ አይባልም፤ ነገር ግን እውነቱን አላገኘም። ወታደሩ ራሱ ስለ ትንፋሹ የተናገረው ቃል ከራጁ ይልቅ ትክክለኛ ሆኖ ተገኘ።

ሻምበል ቶሬስ በቴክሳስ ፖሊስ ውስጥ ሕመማቸው የሚፈቅድላቸው ሌላ ሥራ እንዲሰጣቸው ቢጠይቁ ተከለከሉ። ነገሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ቆይቶ፥ በጁን 29 ቀን 2022 ዓ.ም. የአሜሪካ የበላይ ፍርድ ቤት በ5 ዳኞች ለ4 ድምፅ፥ ክፍለ ግዛቶች በዚህ ዓይነት ክስ ልንጠየቅ አይገባንም ማለት እንደማይችሉ ወሰነ። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 2 ሚሊዮን ተኩል ዶላር የሚጠጋ ካሣ ተፈረደላቸው። ወደ ዒራቅ ከሄዱ 16 ዓመት ሆኖ ነበር።

ሦስቱ ማስረጃዎች

አንድ የቀድሞ የአሜሪካ ወታደር ስለ ሕመሙ አበል እንዲሰጠው ሲያመለክት በተለመደው ሥርዓት ሦስት ነገሮችን ማስረዳት አለበት። አንደኛ፥ ዛሬ በእርግጥ የታመመ መሆኑን። ሁለተኛ፥ በአገልግሎቱ ጊዜ አንድ የደረሰበት ነገር መኖሩን። ሦስተኛ፥ የዛሬው ሕመም ከዚያ ነገር የመጣ መሆኑን። በጥይት ለቆሰለ ሰው ሦስቱም በአንድ ወረቀት ላይ ይገኛሉ። ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ሰው ግን ሦስተኛው ማስረጃ እንደ ተራራ ይከብዳል። ጭስ የተነፈሰው ዛሬ ነው፤ የታመመው ከ5 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ ያለውን ዘመን በምን ያስረዳል?

ሕጉ ራሱ ጨካኝ አይደለም። ማስረጃው በሁለቱም ወገን እኩል በሚመዝንበት ጊዜ ጥርጣሬው ለወታደሩ ጥቅም እንዲተረጎም ያዛል። ስለዚህ ሐኪሙ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ የመሆኑ ነገር ቢያንስ ካልመጣ የመሆኑ ነገር ጋር እኩል ነው ብሎ ቢጽፍ ይበቃል። ነገር ግን ሐኪሙ በትሕትና «ከጭሱ ሊሆን ይችላል» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ቃሉ እንደ ግምት ብቻ ይቆጠርና ወታደሩ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ሐኪሙ በሁለቱም ጊዜ የሚያስበው አንድ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የተለየው የዐረፍተ ነገሩ አጻጻፍ ብቻ ነው። ቋንቋ በመማር ላይ ያለ ሹም ይህን ልብ ይበል፤ በዶሴ ውስጥ የአንዲት ቃል ክብደት የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ ሊሆን ይችላል።

ሕመሙ ታምኖለት እንኳ ሒሳቡ ወታደሩን ያስገርመዋል። የጉዳቱ መጠን ከ0 እስከ 100 በአሥር አሥር ይለካል። አንድ ሰው ስለ ሳንባው 50 ከመቶ፥ ስለ ጀርባው 30 ከመቶ ቢሰጠው በእርሱ አሳብ ድምሩ 80 ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ግን እንዲህ ነው፤ ከሰውዬው ጤና 50 ከመቶ ከጠፋ የሚቀረው 50 ነው፤ የዚህ የቀረው 30 ከመቶ 15 ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ በጠቅላላው 65 ይሆንና ወደ 70 ይጠጋጋል። ይህ አቆጣጠር የራሱ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን ማንም ሳያስረዳው ደብዳቤው በፖስታ የደረሰው በሽተኛ መንግሥት 10 ከመቶ የሰረቀው ይመስለዋል። ከቅሬታዎች ሁሉ ብዙው የሚወለደው ከውሳኔው ሳይሆን ውሳኔው ሳይብራራ ከመቅረቱ ነው።

ወረቀቱ በመንግሥት እጅ ሲሆን

ከወታደሩ የሚጠየቀው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ያለው በወታደሩ እጅ አይደለም። የት እንደ ዘመተ፥ በሰፈሩ ምን እንደ ተቃጠለ፥ ምን እንደ ተረጨ የሚያውቀው የላከው መንግሥት ነው። ለዚህም ሁለት ምሳሌ እናቀርባለን።

በጁላይ 12 ቀን 1973 ዓ.ም. በሚዙሪ ክፍለ ግዛት በሴንት ሉዊስ አጠገብ በሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ቤት እሳት ተነሥቶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት ዶሴ አጠፋ። ከ1912 እስከ 1960 ዓ.ም. ከተሰናበቱት የምድር ጦር ወታደሮች መዝገብ 80 ከመቶው በዚያን ጊዜ ተቃጠለ። ግልባጭ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኮርያ የዘመቱ ብዙ ሽማግሌዎች ያልያዙትንና ያላቃጠሉትን ወረቀት በሌላ ማስረጃ ለመተካት በየቦታው ሲፈልጉ ኖረዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የአቶሚክ ቦምብ ፍተሻ ነው። እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ አሜሪካ በአየር ላይ ቦምብ ስትፈትሽ ብዙ ወታደሮች በአጠገቡ እንዲገኙ ታዘው ነበር፤ ያዩትንም ለማንም እንዳይናገሩ የምስጢር ግዴታ ነበረባቸው። በኋላ ካንሰር የያዘው ሰው ለሐኪሙ ምክንያቱን እንዳይናገር ሕግ ይከለክለዋል፤ ካልተናገረ ደግሞ አበል አያገኝም። ለእነዚህ ሰዎች የሚረዳ ሕግ የወጣው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ የምስጢሩ ግዴታ የተነሣላቸው ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፥ መንግሥት ዘመቻውን ከመዝገብ ቢያጣውም ወታደሩ በአጥንቱ ውስጥ ይዞት ይኖራል።

አንዲት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ

ከ1962 እስከ 1971 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር በቬትናም ጠላት የሚሸሸግበትን ደን ለማራገፍ ከ70 ሚሊዮን ሊትር በላይ ዕፀዋት የሚያጠፋ መድኃኒት ረጨ። ከሁሉ የበለጠ የተረጨው፥ በበርሜሉ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ያለው መስመር ይደረግበት ስለ ነበረ «ኤጀንት ኦሬንጅ» ተባለ። በውስጡም ዳዮክሲን የሚባል ክፉ መርዝ ነበረበት። መርዙ የጎዳው ወታደሩን ብቻ ሳይሆን የቬትናምን ሕዝብ ጭምር ነው።

በ1977 ዓ.ም. ሞድ ዲቪክተር የሚባሉ፥ በቺካጎ ከተማ በቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት የባለጉዳዮችን ማመልከቻ የሚቀበሉ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ባልዋ ቬትናም ዘምቶ የነበረ፥ ሊሞት በካንሰር የተያዘ አንዲት ሴት ስለ ጉዳይዋ ደወለችላቸው፤ ባልዋ ሕመሙ ከተረጨው መድኃኒት የመጣ መሆኑን ያምን ነበር። የአበሉ ጥያቄ ግን ተቀባይነት አላገኘም። ወይዘሮ ዲቪክተር ዶሴውን ዘግተው ወደ ሌላ ሥራ ማለፍ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ጽሕፈት ቤታቸው የሚመጡትን የቬትናም ዘማቾች ስለ ረጩት መድኃኒትና ስለ ያዛቸው ሕመም እየጠየቁ መመዝገብ ጀመሩ። ዝርዝሩ እየረዘመ ሲሄድ ሕመሞቹ የሚመሳሰሉ ሆነው ተገኙ። በሚከተለው ዓመት ነገሩ በቺካጎ ቴሌቪዥን ተገልጦ አገር ሁሉ ሰማው። እርሳቸው ሐኪም ወይም ሚኒስትር አልነበሩም፤ ባለጉዳዩን አዳምጠው የሰሙትን የጻፉ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ።

ነገሩ በታላላቆቹም ቤት ገባ። በቬትናም የአሜሪካን ባሕር ኃይል ያዘዙት አድሚራል ኤልሞ ዙምዋልት ወታደሮቻቸው በወንዝ ዳር ከደፈጣ እንዲድኑ ሲሉ መድኃኒቱ በወንዞቹ ዳር እንዲረጭ አዝዘው ነበር። በእነዚያ ወንዞች ላይ የጀልባ አዛዥ ሆኖ ያገለገለው የገዛ ልጃቸው በካንሰር ታሞ በ1988 ዓ.ም. በ42 ዓመቱ ሞተ። አድሚራሉም ኀዘናቸውን ወደ ሥራ ለውጠው፥ በመድኃኒቱና በልዩ ልዩ ሕመሞች መካከል ያለውን ግንኙነት መርምረው በ1990 ዓ.ም. ለቀድሞ ወታደሮች ሚኒስትር አቀረቡ።

በ1991 ዓ.ም. ኮንግሬስ አዲስ ሕግ አወጣ። የሕጉ ዋና አሳብ «የሕግ ግምት» የሚባለው ነው። ይኸውም፥ ወታደሩ በቬትናም አገልግሎ በዝርዝሩ ከተጻፉት ሕመሞች አንዱ የያዘው እንደ ሆነ፥ ሕመሙ ከመድኃኒቱ የመጣ መሆኑን ሕጉ ራሱ ይገምትለታል፤ ሦስተኛውን ማስረጃ እንዲያመጣ አይጠየቅም። ዝርዝሩም በየጊዜው ረዘመ፤ የስኳር በሽታ በ2001 ዓ.ም.፥ አንዱ ዓይነት የልብ ሕመምና ፓርኪንሰን የሚባለው ሕመም በ2010 ዓ.ም.፥ የደም ግፊት ደግሞ በ2022 ዓ.ም. ተጨመሩ። የመጨረሻው ርጭት ካቆመ 51 ዓመት መሆኑ ነው። በ20 ዓመቱ የዘመተ ወጣት ስለ ደም ግፊቱ መልስ ያገኘው ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት ነው፤ ብዙው ደግሞ ሳይደርስበት ሞቷል።

ሕግ ወጥቶ ጠረጴዛው ሲቀር

ሕግ መውጣቱ ብቻ ግን አይበቃም። በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. ወደ 700,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ተሰለፉ። ከተመለሱ በኋላ ብዙዎቹ ድካም፥ የመገጣጠሚያ ሕመም፥ ራስ ምታት፥ የመርሳት ችግርና የሆድ ሕመም አንድ ላይ ያዛቸው። ሐኪሞች ለሕመሙ ስም ማውጣት ተሳናቸው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፥ ስሙ ያልታወቀ ሕመም እንኳ ቢሆን አበል ሊያሰጥ እንደሚችል ፈቀደ። ይህ በእውነቱ መልካም ሕግ ነበር።

ነገር ግን ለኮንግሬስ የመንግሥት ሥራ የሚመረምረው የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ዓ.ም. ባቀረበው መግለጫ፥ ከዚህ ዓይነት ጥያቄዎች የተፈቀዱት 17 ከመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን ገለጠ። ይህም ለሌሎች ሕመሞች ከሚፈቀደው ሲሶ ያህል ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ የሚያሳፍር ነው። መሥሪያ ቤቱ ስለዚህ ሕመም መርማሪ ሐኪሞችን የሚያስተምር የ90 ደቂቃ ትምህርት አዘጋጅቶ ነበር፤ ትምህርቱ ግን በፈቃድ ስለ ነበረ እስከ ፌብሩዋሪ 2017 ዓ.ም. ድረስ የተማሩት ከሐኪሞቹ 10 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ኮንግሬስ ከ20 ዓመት በፊት የሰጠው መብት የአንድ ሰዓት ተኩል ትምህርት በመጉደሉ በጠረጴዛ ላይ ቀረ ማለት ነው።

በዒራቅና በአፍጋኒስታን ጭስ የታመሙትም ዕድላቸው ከዚህ የተሻለ አልነበረም። እስከ 2020 ዓ.ም. ድረስ ስለ ጥራጊ ጭስ ከቀረቡት የአበል ጥያቄዎች ከ4ቱ 3ቱ ያህል ተቀባይነት አላገኙም።

በደረጃው ላይ ያደሩት

የሻምበል ቶሬስ ባለቤት ወይዘሮ ሮዚ ቶሬስ ራሳቸው በቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ሴት ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ከውስጥ የሚያውቁ ሲሆኑ፥ የባላቸውን ሕመም ለማስረዳት ከሌላው ሰው ሁሉ ጋር ደጅ መጥናት ግድ ሆነባቸው። ባልና ሚስቱ በጭሱ ምክንያት የታመሙትን ወታደሮችና ቤተ ሰቦቻቸውን የሚያሰባስብ ማኅበር መሥርተው ከከተማ ወደ ከተማ፥ ከምክር ቤት ወደ ምክር ቤት ተመላለሱ። ሳሉ ሲነሣበት ሌሊት የሚነቃው በሽተኛው ብቻ አይደለም፤ ሚስትም ትነቃለች፤ ልጆችም ይሰማሉ። ስለዚህ ክርክሩን ያካሄዱት ወታደሮች ብቻ ሳይሆኑ ሚስቶችና ባልቴቶች ጭምር ናቸው።

በ2022 ዓ.ም. በጋ አንድ ታላቅ ሕግ ለምክር ቤት ቀረበ። ሕጉ በ2020 ዓ.ም. በሳንባ ካንሰር በሞቱት፥ በኮሶቮና በዒራቅ ባገለገሉት በሃምሳ አለቃ ሂት ሮቢንሰን ስም የተሰየመ ነው። ሴኔት የሚባለው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በጁን ወር በ84 ድምፅ ደግፎት ሳለ፥ ረቂቁ ጥቂት ተስተካክሎ ሲመለስለት በጁላይ 27 ቀን እንዲያልፍ የሚያስፈልገውን ድምፅ ነፈገው። በዚህ ጊዜ በሽተኞቹ ወታደሮችና ቤተ ሰቦቻቸው ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። በምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ቀን በፀሐይና በዝናብ፥ ሌሊትም በጨለማ ቆዩ። በኦገስት 2 ቀን ሴኔቱ በ86 ድምፅ ለ11 ሕጉን አሳለፈው፤ በኦገስት 10 ቀን ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ባይደን ፈረሙበት። በዒራቅ ያገለገለው ልጃቸው ቦ በ2015 ዓ.ም. በአእምሮ ካንሰር ሞቶባቸው ነበር።

ሕጉ በጭሱ ምክንያት ይመጣሉ ተብለው የሚገመቱ ከ20 በላይ የሕመም ዓይነቶችን መደበ፤ ሻምበል ቶሬስን የያዛቸው ሕመምም ከነዚህ አንዱ ነው። እንግዲህ በተባለው ጊዜ በተባለው አገር ያገለገለና ከነዚህ ሕመሞች አንዱ የያዘው ሰው ከጭሱ መምጣቱን እንዲያስረዳ አይጠየቅም። በ2024 ዓ.ም. በዚህ ሕግ መሠረት የተፈቀዱት የአበል ጥያቄዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ሚኒስቴሩ አስታወቀ። ወታደሮቹ በእነዚህ ዓመታት መካከል በድንገት ይበልጥ የታመሙ አይደሉም፤ የተለወጠው የማስረዳቱ ሸክም የተጫነበት ትከሻ ነው። ይሁን እንጂ ሕመሙ በዝርዝሩ ያልተጻፈለት ሰው ዛሬም ሦስቱን ማስረጃዎች ይዞ መቅረብ አለበት።

ለቤተ ሰብና ለሹም

ከዚህ ታሪክ ወታደር ያለበት ቤተ ሰብ ሁሉ፥ በየትም አገር ቢሆን፥ ጥቂት ጠቃሚ ነገር ሊማር ይችላል። የአገልግሎት ወረቀት ግልባጩ በቤት ይቀመጥ፤ የመንግሥት መዝገብ ቤትም ሊቃጠል ይችላልና። ሕመሙ የጀመረበት ቀንና የሚብስበት ጊዜ በደብተር ይጻፍ። በአንድ ሰፈር አብረው የነበሩ ጓደኞች ያዩትን በጽሑፍ ይስጡ፤ ሚስትም በቤት የምታየውን ታስረዳ። በአሜሪካ ሕግ ይህ ዓይነት የጓደኛና የቤተ ሰብ ምስክርነት ከሐኪም ወረቀት ጋር አብሮ ሊመዘን ይገባዋል። ጥያቄው ያልተፈቀደለት ሰውም የመጨረሻውን ቃል እንደ ሰማ አይቁጠረው፤ ብዙ የይግባኝ ጥያቄዎች አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ተፈቅደዋል።

እኛ ከጠረጴዛው በስተኋላ የምንቀመጥ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለን። ሹም ማስረጃ መጠየቁ ስሕተት አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብ ጠባቂ ነውና ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት አለበት። ነገር ግን «ወረቀትህ የት አለ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ ያ ወረቀት በማን እጅ ይገኝ እንደ ነበረ ራሱን ይጠይቅ። መንግሥት የላከውን ሰው መንግሥት የት እንደ ላከው እንዲያስረዳ ማስገደድ ፍርድ አይመስልም። ባለጉዳዩ ያመጣው ማስረጃ ቢጎድል እንኳ የጎደለው ምን እንደ ሆነና ከየት እንደሚገኝ በግልጥ ቋንቋ መንገር የሹሙ ሥራ ነው፤ ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም።

በወንጌል በኢየሩሳሌም መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት ታሞ ስለ ተኛ ሰው ተጽፏል። የሚፈወስበት ውኃ በአጠገቡ ነበረ፤ ያጣው ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደዚያ የሚያደርሰውን ሰው ነው። ሻምበል ቶሬስና ብዙ ሺህ ጓደኞቻቸው ያጡትም እንዲሁ ነበር። አበሉ በሕግ ነበረ፤ ሐኪም ቤቱም ነበረ፤ በመካከሉ ግን የሚያዳምጥ ሰው ጠፍቶ ነበር። ወይዘሮ ዲቪክተር በቺካጎ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ነገ ጠዋት ከቢሯችን ደጃፍ ቆሞ የሚጠብቀን፥ አካሉ ሙሉ የሚመስል ነገር ግን ደረጃውን ሲወጣ ያለከለከ ሰው ቢኖር፥ በቅድሚያ ወንበር እንስጠው፤ ቀጥሎም ቃሉን እስከ መጨረሻው ሰምተን እንጻፍለት።